ሽማግሌዎች ያፈረሱት ይግባኝ

ጡረታ ወጣሁ ስል ሰው ይስቃል። «ከማን?» ይሉኛል። ለብዙ ዓመት ቀጣሪ አልነበረኝም፤ አበል የሚቆርጥልኝም የለም። እውነታቸውን ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁት ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ከነበረች አንዲት የቆርቆሮ ጥግ ነው። ባለፈው ክረምት ዓይኔም ወገቤም እምቢ ሲሉኝ መጻፊያ መኪናዬን በአንሶላ ጠቅልዬ ቤት አስገባሁና አበቃ። ሥራውም ቢሆን ቀድሞኝ ነው የሄደው። ዛሬ ማመልከቻ የሚፈልግ ሰው ኮምፒውተር ቤት ገብቶ «ያው እንደተለመደው አድርጊልኝ» ይላል፤ ልጅቷ የሌላ ሰው ማመልከቻ ትከፍትና ስሙን ቀይራ ታትምለታለች። አንድ ጎረቤቴ በዚህ ዓይነት የአጥር ክርክሩን ሲያቀርብ፣ መሃል ላይ ሚስቱ ቤት ጥላ እንደሄደች የሚገልጽ አንቀጽ ተገኝቶበት ችሎቱን አስቋል። ሚስቱ ግን አልሳቀችም።

ይህን ታሪክ ጻፊው ያለችኝ ልጄ ናት። ዕድሜዬን ሙሉ «እኔ አመልካች» እያልኩ ስጽፍ ኖሬ ያ «እኔ» አንድ ቀን እንኳ እኔ ሆኖ አያውቅም፤ ስለዚህ አሁን ስጀምር እጄ ትንሽ ይፈራል። መፍራት ደግሞ ለእኔ አዲስ አይደለም፣ ተፈጥሮዬ ነው። በር ሲንኳኳ ከእኔ ቀድሞ የሚነሳው ልቤ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የምነግራችሁን ሁሉ ያየሁት በፈሪ ዓይን መሆኑን እንድታውቁት ነው።

ታይፕ የተማርኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ነው። መጀመሪያ የተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት ስሙ ይቅር። ስገባ አለቃዬ «አቶ» ነበሩ፤ አብዮቱ ሲመጣ «ጓድ» ሆኑ፤ ወንበራቸው ግን ያው ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለጫማ ይበቃል፤ ሥራውም ደብዳቤ መምታት ነው። ችግሩ፣ ደብዳቤዎቹ እያደር አንድ ዓይነት እየሆኑ መጡ። ከላይ የሰው ስም አለ፤ መሃሉ ላይ «የኢኮኖሚ አሻጥር» የሚል ይገባል፤ መጨረሻው «ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል ተላልፏል» ይላል። ያቺ የመጨረሻ መስመር ከተመታች በኋላ ያ ስም ተመልሶ እጄ ላይ አይመጣም። ለፈቃድ ቢሉ፣ ለሕክምና ቢሉ፣ ለዝውውር ቢሉ፣ የለም። አንድ ቀን የማውቀው ሰው ስም መጣ፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጨርቅ የሚሸጥ፣ በዓል በመጣ ቁጥር ለእናቴ ቀሚስ የሚመርጥላት ሰው። ከዚያ ቀን ወዲያ ምግብ አልረጋልኝ አለ። ጨጓራዬን አሞኛል ብዬ የሐኪም ወረቀት አመጣሁና ለቀቅሁ፤ ውሸትም አልነበረም።

ሥራ ፈትቼ ስንከራተት ነው ጋሽ ወርዶፋን ያገኘኋቸው። ጋሽ ወርዶፋ ራፖር ጸሐፊ ነበሩ፤ ፍርድ ቤቱ አጠገብ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጠው ለባለጉዳይ አቤቱታ የሚጽፉ። በወጣትነታቸው የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተዋል። በበጋም በክረምትም የማይወልቅ ጥቁር ኮት ነበራቸው። ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር የሚመታላቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። አንድ ገጽ አስመትተው አዩኝና፣ «ጣትሽ ጥሩ ነው፤ አፍሽስ ይዘጋል?» አሉኝ። ይዘጋል አልኩ። እንዲህ ተቀጠርኩ፤ ከገቢው ድርሻዬን ማታ ማታ ይሰጡኛል፣ ባለጉዳይ በሌለበት ቀን ሁለታችንም ባዶ እጃችንን እንገባለን።

ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ባለጉዳይ ሲመጣ ታሪኩን ከመጀመሪያው አያስጀምሩትም፤ «ከመጨረሻው ጀምርና ወደኋላ ሂድ» ይሉታል። ሰውዬው ግራ ይጋባል፣ ይናደዳልም። እኔም መጀመሪያ ላይ የሽማግሌ ቅብጠት መስሎኝ ነበር። በኋላ ምክንያቱን ነገሩኝ። «ሰው ከመጀመሪያው ሲናገር ለሚስቱም ለጎረቤቱም ሲደጋግም የኖረውን ነው የሚነግርሽ። ወደኋላ ስታስኬጂው ግን እያንዳንዷን ማሰብ አለበት» አሉኝ። ረቂቁ ሲያልቅ ደግሞ መነጽራቸውን ያወልቁና «አሁን እኔ ምሳ ያልበላሁ ጓድ ነኝ፣ አንብቢልኝ» ይላሉ። አነባለሁ። ያዛጋሉ፣ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ በመስኮት የሚያዩ ይመስላሉ፤ መስኮት እንኳ በሌለበት! ያዛጉበት ቦታ ይሰረዛል። «እያለቀስኩ»፣ «ከእግርዎ ሥር ወድቄ»፣ «የልጆቼ አምላክ ይፍረድ» የሚባሉት ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚሄዱት። ከሁሉ በላይ የማይታገሷት ቃል ግን ይቅርታ ናት። ይግባኝ ውስጥ ይቅርታ የሚል ቃል ካዩ ብዕራቸው ወረቀቱን እስኪቀድ ድረስ ይሰርዟታል።

እኔም በበኩሌ የራሴ ደንብ ነበረኝ። ለይግባኝ ሁልጊዜ አዲስ ሪባን እገጥማለሁ። የተሳሳተ ፊደል በምላጭ ጫፍ ፍቄ አነሳዋለሁ እንጂ ላዩ ላይ አልመታበትም፤ የተደረበ ፊደል ያየ ሹም ሌላውንም መጠርጠር ይጀምራል። ካርቦኑን አስተካክዬ፣ ሦስተኛው ግልባጭ ሳይቀር እንዲነበብ ጠበቅ አድርጌ እመታለሁ። ማታ ጣቶቼ ያብጡ ነበር።

አቶ ሸምሱና ባለቤቱ ወይዘሮ ዘቢባ የመጡት ክረምቱ ሲገባ፣ ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ሸምሱ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ ከገጠር ቡና እያመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፤ ግዙፍ ሰው ነው፣ ያን ቀን ግን አግዳሚው ላይ ጥግ ይዞ ሲቀመጥ ትንሽ መሰለኝ። ወረቀቱን የያዘችው ሚስቱ ናት። በልብሷ ሸፍና ከዝናብ አድናው ነበር።

በዚያን ጊዜ ከገጠር ቡና የሚያመጣ ነጋዴ በቀጥታ ለላኪ አይሸጥም። ቡናው ከነመኪናው የመንግሥት የቡና ጨረታ ቤት ግቢ ይገባል፤ ከጆንያው ናሙና ይወሰዳል፤ ናሙናው ተመርምሮ ደረጃ ይወጣለታል፤ ከዚያ ተራው ሲደርስ ገዢዎች ናሙናውን አይተው ይጫረቱበታል። ጨረታ ቤቱ የራሱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አለው። ወረቀቱ የዚያ ኮሚቴ ውሳኔ ነው። የሸምሱ ጭነት ከናሙናው የተለየ፣ እርጥብና የሻገተ ሆኖ ተገኝቷል ይላል። አቅራቢው ሆን ብሎ የኢኮኖሚ አሻጥር ፈጽሟል፤ ጭነቱ ተወርሷል፤ እሱም ከጨረታው ለዘለቄታው ታግዷል። እስከ ዓርብ ድረስ በጽሑፍ ይግባኝ ካልቀረበ፣ ወይም ይግባኙ ውድቅ ከሆነ፣ ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል ይተላለፋል።

የመጨረሻዋን መስመር ሁለቴ አነበብኳት። ሸሽቻት የመጣሁት መስመር ልደታ ድረስ ተከትላኝ መጣች አልኩ።

ጋሽ ወርዶፋ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱና ወደ ሸምሱ ዞሩ። «ከመጨረሻው ጀምር» አሉት።

«መጨረሻውማ ይኸው ወረቀቱ ነው።»

«ከእሱ በፊትስ?»

«ገዢው ጆንያውን ሲፈታ ሻጋታ አገኘ።»

«ከእሱ በፊት?»

«ጨረታው ነዋ።»

«ከጨረታው በፊት?»

«መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሟል፣ ተራ እየጠበቀ። ዝናቡ ደግሞ ያወርደዋል።»

«ሸራ የለህም?»

«አለኝ እንጂ! ናሙና ሲያወጡ ከላዩ አነሱት፣ በዚያው ቀረ።»

«አንተስ ለምን መልሰህ አላለበስከውም?»

ሸምሱ በጥያቄው ተገረመ። «እንዴት ብዬ ጋሼ? ናሙና ከተወሰደ በኋላ ባለቤት መኪናው ጋ አይደርስም፣ ደንብ ነው። ዘበኛ ቆሞበታል። ለመንኩት፣ ‹ነካካህ ትባላለህ፣ ዞር በል› ብሎ መለሰኝ።»

ጋሽ ወርዶፋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ለኮሚቴው ተናግረሃል?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ይግባኙ ከአንድ ገጽ አልበለጠም። ቡናው ናሙና ሲወሰድ ደረቅ እንደነበር የራሳቸው ምርመራ መስክሯል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጭነቱ በጨረታ ቤቱ ጥበቃ ሥር እንጂ በእኔ እጅ አልነበረም፤ ዘበኛው ተጠርቶ ይጠየቅልኝ፤ ጥፋት አልፈጸምኩም። ይኸው ነው። አንብቤ ስጨርስ ጋሽ ወርዶፋ አንዴም አላዛጉም። ሸምሱ ግን አልተመቸውም።

«ጋሼ፣ ትንሽ ደረቅ አልሆነም? አንድ ይቅርታ ብንጨምርበትስ?»

«ምን አጠፋህ?»

«ምንም።»

«ታዲያ የምን ይቅርታ ነው?»

«እንዲያው ለወጉ ያህል…»

«ለወጉ ያልከውን እነሱ ማህተም መትተው የእምነት ቃል ያደርጉብሃል። ፈርም!» አሉት፤ ፈረመ።

ወንዶቹ ስለ ቴምብር ሲነጋገሩ ዘቢባ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «እህቴ፣ እንዲህ ዓይነት ወረቀት የደረሰው ሰው ይተርፋል?» አለችኝ። የማውቀውን ብነግራት እዚያው ትወድቅ ነበር። «ይተርፋል» አልኳት። ዓይኗን ማየት ስላልቻልኩ ካርቦን የማስተካክል መሰልኩ።

ረቡዕ ጠዋት ይግባኙ ገባ፤ ግልባጩ ላይ ማህተም ተመትቶበት ተመለሰ። ይግባኝ ሰሚው ኮሚቴ ሰኞ እንደሚቀመጥ ተነገራቸው። ጋሽ ወርዶፋ ግልባጩን ሲያዩ በጣም ደስ አላቸው፤ ያን ቀን ሻይ ጋበዙኝ። እኔም ያንን መሥሪያ ቤት ከለቀቅሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ በላሁ።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ጥላችን ሥር ገቡ። አንደኛው አቶ በቀለ፣ የሸምሱ የእድር ዳኛ ናቸው። ሁለተኛው ሼህ ኑሪ ይባላሉ፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቆብ የሚሰፉ፣ ሸምሱ አባቱን በልጅነቱ ሲያጣ እንደ አባት ሆነው ያሳደጉት ሰው። ሦስተኛው ጆሯቸው የከበደ የሸምሱ አጎት ናቸው። ሦስቱም ነጭ ለብሰዋል። የአቶ በቀለ ፊት ከሩቅ ጀምሮ ይስቃል።

«ወርዶፋ፣ በቃ ልፋትህን ተወው፣ እኛ ጨርሰነዋል!»

«ምኑን?»

«የሸምሱን ነገር ነዋ! ዛሬ በጠዋት የይግባኝ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ቤት ገባን። ሰውዬው ተነስቶ ነው የተቀበለን፣ የሰው ልጅ ነው።»

ማንም አልላካቸውም። የሰፈራቸው ልጅ ተቸግሮ እነሱ እቤት መቀመጥ ነውር ስለሆነባቸው ራሳቸው ተነሱ። ጋሽ ወርዶፋ በጣም ቀስ ብለው፣ «ምን አላችሁት?» አሉ።

«ምን እንላለን? እንደ ወጉ ነዋ። ልጃችን አጥፍቷል፣ ጥፋቱ የእኛ ጥፋት ነው፣ ስለ ሽበታችን ብለህ ማርልን አልነው።»

«አጥፍቷል አላችሁት?»

«ታዲያ አላጠፋም ተብሎ ይቅርታ ይጠየቃል እንዴ?»

«እሱስ ምን አለ?»

«ደስ አለው! ይህንኑ ቃላችሁን ቢሮ መጥታችሁ ድገሙልኝ አለ። ሄድን። ጸሐፊው በሥነ ሥርዓት ጻፈው፣ ፈረምን።»

አጎትየው ምን እንደፈረሙ እስከ መጨረሻው ያወቁ አይመስለኝም፤ ሲጠሯቸው አውራ ጣታቸውን ሰጥተዋል።

ሽማግሌ ሰው ቤት ሲገባ የላከውን ሰው አይከላከልለትም፤ ጥፋቱን ተሸክሞለት ነው የሚገባው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ምንም ያልበደለው ወገን እንኳ «አጥፍቷል፣ ይማር» ተብሎ ነው የሚታረቀው። ይህን ቃል ማንም እንደ ምስክርነት ቆጥሮት አያውቅም፤ ተናጋሪውም ሰሚውም የሚያውቁት የትሕትና ቃል ነው። ሊቀ መንበሩም የአገሩ ልጅ ስለሆነ ይህን ሳያውቅ አይቀርም። ግን የሻገተ ቡና እጁ ላይ አለ፣ ከበላዩ የሚጠይቀው ሰው አለ፣ የራሱ ዘበኛ ጥፋተኛ እንዲሆን ደግሞ አይፈልግም። እሱም ፈርቷል። በዚያን ዘመን የማይፈራ ሰው አላየሁም፤ ልዩነቱ ፍርሃታችንን የምናራግፍበት ሰው ማግኘትና ማጣት ላይ ነበር።

ጋሽ ወርዶፋ ሽማግሌዎቹን አልተቆጡም። አመስግነው ሸኟቸው። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉትና፣ «ሁሉን ጠየቅኩት፤ ማን እንደሚለምንለት ብቻ አልጠየቅኩትም» አሉ። ያለ ኮት ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። በጣም ያረጁ ሰው ነበሩ።

ሸምሱን አስጠራነው፤ ዘቢባም አብራው መጣች። ጋሽ ወርዶፋ ተጨማሪ ማመልከቻ አርቅቀው ጠበቁት፤ ሽማግሌዎቹ የተናገሩት ያለ እኔ ፈቃድ ነው፣ ከእውነትም የራቀ ነው የሚል። ሸምሱ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ከዚያ ብዕሩን መልሶ አስቀመጠው።

«ይህን አልፈርምም።»

«ለምን?»

«ሼህ ኑሪን ውሸታም ናቸው ብዬ ልፈርም? እኔ?»

ዘቢባ እስከዚያ ቀን ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። «ፈርም!» ብላ ጮኸች። «ልጆችህን አስብ፣ ፈርም!»

«አልፈርምም አልኩሽ።»

እኔም አላስቻለኝም፤ አፌ ይዘጋል ብዬ የተቀጠርኩት ሴትዮ። «የሚመለከተው ክፍል ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አልኩት። «እኔ አውቀዋለሁ። ከዚያ የተመለሰ ስም አላየሁም።» ዘቢባ ዞር ብላ አየችኝ፤ ማክሰኞ ይተርፋል ያልኳት እኔ ነኝና። ሸምሱ አልተናደደም።

«አውቃለሁ እህቴ» አለኝ። «ግን ብተርፍስ፣ በየትኛው ፊቴ ነው ሰፈሬ የምገባው?»

እንግዲህ ቃሉን ማንሳት የሚችሉት የሰጡት ሰዎች ብቻ ሆኑ፤ አጎትየው የፈረሙትን ስላልሰሙ የቀሩት ሁለቱ ናቸው። እሁድ ከጋሽ ወርዶፋ ጋር ፊት ለፊት በሚያስቀምጠው ውይይት ታክሲ ወደ አብነት ሰፈር ሄድን፣ አቶ በቀለ ቤት። ሰውዬው ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። ጭንቅላታቸውን ይዘው ተቀመጡ። ግን፣ «አልችልም ወርዶፋ» አሉ። «ሐሙስ ፈርሜ ሰኞ ብክድ፣ ኮሚቴውን አታለልክ ብለው እኔንም ይጨምሩኛል። ስድስት ልጅ ያለኝ ሰው ነኝ።» እኔ አቶ በቀለን አልወቀስኳቸውም። እኔ ብሆን በሩንም አልከፍትም ነበር።

ሼህ ኑሪን ያገኘናቸው ቆብ ሲሰፉ ነው። ጋሽ ወርዶፋ ሁሉንም ነገሯቸው፤ እንደ ደንባቸው ከመጨረሻው ጀምረው ወደኋላ። ሼሁ መርፌውን ቆቡ ላይ ሰክተው አስቀመጡት።

«የእኔ ቃል ነው ልጄን የሚያስበላው?» አሉ።

«እንደዚያ ነው ሼህ።»

ሼሁ ክሩን በጣታቸው ጠቀለሉት። እምቢ ቢሉ ወዴት እንደምንሄድ አላውቅም።

«እኔ ሰው በማስታረቅ ያረጀሁ ሰው ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ቃሌን በወረቀት ከካድኩ፣ ከእንግዲህ ማን ቤት ገብቼ ማር እላለሁ?»

«ሌላ መንገድ ቢኖር አልመጣብዎትም ነበር» አሉ ጋሽ ወርዶፋ።

ሼህ ኑሪ ወደ እኔ ዞሩ። «ጻፊ ልጄ።»

ማንም ሳያረቅቅላቸው ተናገሩ፣ እኔም በእጄ ጻፍኩ። ሰኞ በማለዳ ጥጋችን ላይ ተቀምጬ አንድ ቃል ሳልለውጥ መታሁት፤ እንዲህ ይላል። ሐሙስ ልጄ አጥፍቷል ያልኩት ሽማግሌ ስለሆንኩ ነው፤ ሽማግሌ ሲለምን እንዲህ ይላል። ጥፋቱን በዓይኔ አላየሁም፣ ቡናውንም አላየሁም፣ ሸምሱም አጠፋሁ አላለኝም። ያላየሁትን ተናግሬ ፈርሜአለሁና ያን ፊርማዬን አንስቻለሁ። ስመታው ሁለቴ አበላሽቼ እንደገና ጀመርኩት።

ጨረታ ቤቱ ግቢ ውስጥ ያስገቡት ሸምሱንና ሼሁን ብቻ ነው። እኛ በር ላይ ዝናብ ውስጥ ቀረን። ግቢው መሃል አንዲት አረንጓዴ መኪና ሞተሯ ሳይጠፋ ቆማለች፤ ሁለት ሰዎች ውስጧ ተቀምጠው ሲጋራ ያጨሳሉ።

«ያቺ መኪና ማንን ነው የምትጠብቀው?» አለችኝ ዘቢባ።

አሁን አልዋሸኋትም። «አላውቅም» አልኳት፤ እጄን ያዘችኝ፣ ጥፍሯ ገባብኝ። ጋሽ ወርዶፋ ዝናቡ እየመታቸው ወዲያና ወዲህ ይላሉ። የመኪናዋ በር በተከፈተ ቁጥር ሦስታችንም እንዞራለን።

ውስጥ የሆነውን በኋላ ሸምሱ ነው የነገረኝ። ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን አንብቦ ሼሁን አንተ እያለ፣ «ሐሙስ ዋሽተህ ሰኞ እውነት ትናገራለህ?» አላቸው።

«ሐሙስ የምለምን ሽማግሌ ነበርኩ» አሉ ሼህ ኑሪ። «እናንተ ግን እንደ ምስክር ነው የጻፋችሁኝ። ምስክር ደግሞ ያላየውን አይናገርም።»

«ቃልህን ክደሃል ማለት ነው?»

«ክጃለሁ። ጻፉት፣ እንደገና እፈርማለሁ።»

ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ አንገቱን ደፍቶ የቆየ ሰው፣ «እስቲ ዘበኛው ይጠራ» አለ። ዘበኛው ተጠርቶ መጣ። መኪናውን ማን ሲጠብቅ ነበር? እኔ። ሸራውስ? ለናሙና ተነስቶ ነበር፣ መልሱ የሚል ትእዛዝ አልደረሰኝም። ባለቤቱ ጠይቆህ ነበር? ጠይቆኝ ነበር፣ ከልክዬዋለሁ። ሰውዬው እየተንቀጠቀጠ ቢሆንም እውነቱን ተናገረ፤ እስከ ዛሬ እመርቀዋለሁ።

ሸምሱና ሼሁ ከበሩ ሲወጡ መኪናዋ አሁንም ቆማ ነበር። አለፏት። ሲጋራ የሚያጨሱት ሰዎች ቀና ብለው እንኳ አላዩዋቸውም። ዘቢባ እጄን ለቀቀችና እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ አለቀስኩ። የውሳኔው ግልባጭ ከቀናት በኋላ ሲደርስ አሻጥር የሚለው ቃል ወጥቷል፣ ለሚመለከተው ክፍል መተላለፉም ቀርቷል። እገዳው ግን ጸንቷል፤ ቡናውም አልተመለሰም። ጋሽ ወርዶፋ በእገዳው ላይ ደጋግመው ጻፉ፤ መልስ የሚባል አልመጣም። ሰዉ ሁሉ ትልቅ ድል ነው ሲል እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ የተሸነፍኩበት ጉዳይ ነው ይሉ ነበር። «ንጹሕ ሰው ነው ብለን ገብተን፣ ምሕረት የተደረገለት ሰው ይዘን ወጣን» ይሉኛል። ከዚያ በኋላ ባለጉዳይ ሲመጣ ከሁሉ በፊት «ሽማግሌ ልከሃል?» ብለው ይጠይቃሉ። እሳቸው ሲያርፉ ጥጓም ጥያቄዋም ለእኔ ቀሩ።

ሸምሱ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሸክላና የብረት ዕቃ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከፈተ። የሼህ ኑሪ ነገር ግን እንዳሉት ሆነ። ሰው ሊያስታርቁ አልሄዱም፤ ሲጠሯቸው «ቃሌን በፊርማዬ ክጄዋለሁ፣ ሌላ ፈልጉ» ይላሉ። መጀመሪያ ሰው ይለምናቸው ነበር፤ እያደር መጠየቁንም ተወው። በሱቁ በኩል ሳልፍ ሸምሱ ሁልጊዜ የሚያነሳልኝ ይህንኑ ነው። ስለ እገዳው አንድ ቀን እንኳ አንስቶብኝ አያውቅም።

ዓመታት አለፉ። ደርግ ሊወድቅ ሲል የሸምሱ ትልቋ ልጅ ለጋብቻ ተጠየቀች፤ ዘቢባም «እህቴ ነሽ፣ መምጣት አለብሽ» ብላ ጠራችኝ። የጠያቂው ልጅ ወገን ሽማግሌ ሆነው የገቡት አቶ በቀለ ናቸው። እንደ ወጉ ቆመው ተናገሩ፤ ንግግራቸው ያምር ነበር። ሸምሱ በአክብሮት ሰማቸው፣ ከዚያ «ሼህ ኑሪ ካልመጡ መልስ የለኝም» አለ። አቶ በቀለ ራሳቸው ሊጠሯቸው ሄዱ። እንዴት እንዳግባቧቸው አላውቅም፣ ብዙ ቆይተው ሼሁን ክንዳቸውን ደግፈው ይዘዋቸው መጡ። ሼሁ ከበሩ አላለፉም።

የሴት ልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ዘመድ ላማክር ይላል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ያመላልሳል። ሁላችንም የምንጠብቀው ይህን ነበር።

ሼህ ኑሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ ሸምሱ፣ እኔ እንኳ ለመናገር…»

«ሰጥቻለሁ!» አለ ሸምሱ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ዘቢባ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እሳቸው ገና ምን አሉና?» አለችው።

«ምን አገባኝ!» አለ ሸምሱ። «እሳቸው አይደሉ የመጡት?»

ሼህ ኑሪ አልሳቁም። በሩ ላይ እንደቆሙ የኩታቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ፤ ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ከሽማግሌዎቹ መሃል ተቀመጡ።